ጉራማይሌ፤ ከቻግኒ የወጣ ድምፅና ለሰቆጣ የሚሆነው ትምህርት

ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፤ በሰቆጣ ከተማና በዋግ ኽምራ ደጋ ያሉ ልጃገረዶች ጸጕራቸውን ተሠርተው፤ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፤ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያም በየአደባባዩና በየደጁ እየዞሩ ያዜማሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ ታወጣለች፤ የቀሩት ይቀበላሉ። ይህ በዓል በላስታ አሸንድዬ፤ በቆቦ ሶለል፤ በትግራይ አሸንዳ ይባላል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሥሩ አንድ ነው። በእነዚህ ቀኖች የሚሰማው ድምፅ ትምህርት ቤት ያልገባ፤ ምልክት ያልተማረ፤ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ያ ድምፅ ወዴት ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወፍጮና ወደ ወንዝ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እስኪሰማ ድረስም ዝም ይላል። ከብዙዎች መካከል አንዱ ምናልባት ወደ ትልቅ ከተማ ይገባል። የገባ እንደ ሆነም ወዲያው አንድ ምርጫ ይቀርብለታል፤ ይኸውም፦ የአገሩን ቋንቋና ዜማ ትቶ ሰው ሁሉ የሚዘፍነውን እየዘፈነ ይታወቅ ዘንድ፤ ወይም በአገሩ ዜማ ጸንቶ ሳይሰማ ይቀር ዘንድ ነው። ብዙ ሰዎች ይህ ምርጫ የማይቀር ነው ብለው ያምናሉ። ታናሽ ከተማ ያሳደገው ድምፅ ታላቅ አደባባይ ላይ ለመቆም የግድ የመጣበትን መካድ አለበትን? ይህን ለመመርመር ሥራው በእጅ ያለ፤ በብዙ ሕዝብ የተሰማ አንድ ምስክር ያስፈልጋል። ለዚህም ሰው ሁሉ ጂጂ እያለ ከሚጠራት ከድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው የተሻለ ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እጅጋየሁ የሰቆጣ ልጅ አይደለችም፤ የተወለደችውና ያደገችው በጎጃም በቻግኒ ከተማ ነው። ቻግኒ በቀድሞው ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬም በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ነገር ግን ለሰቆጣ ሰው ቻግኒ ባዕድ አገር አይደለችም። የአዊ አገው ሰባት ቤት አገው ይባላል፤ በትውፊት እንደሚነገረውም አባቶቹ ሰባት ወንድማማች ሆነው ከላስታና ከዋግ ወገን ተነሥተው፤ ዓባይን ተሻግረው በዚያ አገር ሰፈሩ። ትውፊቱን የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገባው ይመርምሩት፤ ስለ ዝምድናው ግን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። የዋጉ ኽምጣኛና የአዊው አገውኛ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረዱ ወንድማማች ናቸው፤ ምንም እንኳ ከብዙ ዘመን መለያየት የተነሣ ዛሬ የአንዱ ተናጋሪ የሌላውን ንግግር ሳይማር ባይሰማው። ስለዚህ ከቻግኒ የወጣው ድምፅ ወደ ዓለም ሲሄድ፤ ሰቆጣ የዘመድ ጕዞ እንደምትመለከት ሆና ብትመለከተው የሚገባ ነው።

የዚህች ድምፃዊት አስተዳደግ ለካህናት አንባቢዎች ልዩ ነገር አለው። በቤተሰቧ ቤት ከነበሩ አንድ ካህን ዜማ እየተማረች እንዳደገች ስለ እርስዋ የጻፉ ሰዎች ተርከዋል። ማኅሌት የደብተሮችና የመሪጌቶች ቦታ ነው፤ ሴት ልጅ በዚያ ቆማ ጸናጽል አትይዝም። ሆኖም በማኅሌቱ ስፍራ የሌላት ልጅ ዜማውን በቤት ሰማች፤ በቤትም ተቀበለች። ከዚያ በኋላ በዘፈኖቿ ውስጥ ድምፅዋ አንዲቱን ፊደል ይዞ ሲያስረዝም፤ ሲሰብርና ሲያነሣ የሚሰማ ሰው፤ ይህ አካሄድ ከከተማ ጭፈራ ቤት የተለቀመ እንዳልሆነ ወዲያው ያስተውላል። በጆሮ የገባ የልጅነት ዜማ ከጕሮሮ አይወጣም።

እጅጋየሁ ከአገር ወጥታ ጥቂት ዓመታት በኬንያ ኖረች፤ ቀጥሎም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ሄዳ በሳን ፍራንሲስኮ ተቀመጠች። በዚያም በስደት ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወገን የሚሆኑ ሁለት የዘፈን ሥራዎች አወጣች። ከጀርባዋ ያን ጊዜ ታላቅ ድርጅት አልነበረም፤ ያላት ድምፅዋና የወገኖቿ ጆሮ ብቻ ነበር። እነዚያ ሥራዎች ክሪስ ብላክዌል ከሚባል ሰው ጆሮ ደረሱ። ይህ ሰው የጃማይካውን ቦብ ማርሊን ለዓለም ያስተዋወቀውን አይላንድ የተባለውን የሙዚቃ ድርጅት የመሠረተ ነው፤ ከዚያም ድርጅት ከተለየ በኋላ ፓልም ፒክቸርስ የሚባል ሌላ ድርጅት አቁሞ ነበር። በዚህም ድርጅት በኩል በ2001 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፤ በስምዋ «ጂጂ» የተባለው ሥራ ወጣ። ሥራውን ያዘጋጀው በኋላ ባሏ የሆነው አሜሪካዊው የባስ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ሲሆን፤ ከታላላቆቹ የጃዝ ሊቃውንት መካከል ኸርቢ ሃንኮክ፤ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተካፍለውበታል። የቻግኒ ልጅ ድምፅ በእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ታጅቦ ወጣ ማለት ነው።

በውጭ አገር ያሉ ተቺዎች ሥራውን በደስታ ተቀበሉት። በአገር ቤት ግን ነገሩ ሁለት ወገን ሆነ። አንዳንዱ ሰው፦ ይህ የኛ ዘፈን አይደለም፤ የኛን ዜማ በባዕድ መሣሪያ ቀላቀለችው ሲል ነቀፈ። ሌላው ደግሞ ወደደው። ይህ ክርክር ተራ የምርጫ ልዩነት ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ነቃፊዎቹም ሞኞች አልነበሩም። የአንድ ሕዝብ ዜማ በሌላ ሕዝብ መሣሪያ ሲገባ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ማሰባቸው ትክክል ነው። ጥያቄው በዚህ ሥራ ውስጥ የጠፋው ምን ነው፤ የቀረውስ ምን ነው የሚለው ነው። ለዚህ የሚሆነው መመዘኛ ደግሞ ከሩቅ አገር መምጣት አያስፈልገውም፤ ከሥራው ውስጥ ካሉት ዘፈኖች የአንዱ ስም ራሱ ይሰጣል። ስሙም «ጉራማይሌ» ነው።

ጉራማይሌ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ ገጹ ጌጥ ነው። ድዷን የተነቀሰች ሴት፤ ጥቍሩና ቀዩ እየተፈራረቀ ሲታይ፤ ድዷ ጉራማይሌ ነው ተብላ ትመሰገናለች። በሌላው ገጹ ግን ነቀፋ ነው። አንዱን ቋንቋ ከሌላው እየደባለቀ የሚናገር ሰው፤ አማርኛው ጉራማይሌ ነው ይባላል፤ ይህም ከሁለቱም አልሆነም ማለት ነው። አንዱ ቃል እንዴት ምስጋናም ነቀፋም ሊሆን ቻለ? የጌጡ ጉራማይሌ የሚያምረው ቀለሙ ድዱን ሁሉ ስላልሸፈነው ነው። በጥቍሩ መካከል የራሱ የድዱ ቀይ ይታያል፤ ስለዚህም ጥቍሩ ቀዩን ያደምቀዋል፤ ቀዩም ጥቍሩን ያደምቀዋል። የንግግሩ ጉራማይሌ የሚያስጠላው ደግሞ ሰውየው የትኛው የራሱ እንደ ሆነ እስኪጠፋው ድረስ ስለ ቀላቀለው ነው። እንግዲህ ባዕድ መሣሪያ የገባበት ዘፈን ሁሉ በዚህ ሊመዘን ይችላል፤ ይኸውም በቀለሙ መካከል የገዛ አገሩ መልክ ይታያልን? ወይስ ተሸፍኖ ቀርቷል?

በዚህ መመዘኛ የ2001ዱ ሥራ በአብዛኛው ያልፋል። «ዓባይ» የተባለውን ዘፈን ለምሳሌ እንውሰድ ለሚል አንባቢ ነገሩ ግልጥ ነው። ሕዝቡ ዓባይን ከጥንት ጀምሮ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እያለ ሲወቅሰው ኖሯል። እጅጋየሁ ግን ወንዙን እንደ ሰው አቅርባ በፍቅር ታነጋግረዋለች፤ በውበቱም ትደነቃለች። ይህን ለማድረግ የተጠቀመችበት መንገድ አዲስ አይደለም፤ ወንዝንና ተራራን እንደ ሰው ማነጋገር የእረኛና የአልቃሽ ልማድ ነው። መሣሪያው የባሕር ማዶ ቢሆንም፤ አነጋገሩ የገጠር ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ ግድቡም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዘፈኑ መሠረቱ ከመጣሉ ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ የተሰማ ነው፤ ወደ ጕባ የሚወስደውም መንገድ የሚያልፈው በቻግኒ በኩል ነው። ሰው ስለሚቀርበው ነገር ሲዘፍን እውነቱ አያረጅም።

«ባለ ዋሽንቱ» የተባለውም ዘፈን ስሙ ራሱ ወደ እረኛው ይመልሳል። «መንገደኛ» እና «ናፈቀኝ» የተባሉት ደግሞ ስማቸው እንደሚያመለክተው የመሄድና የመናፈቅ ዘፈኖች ናቸው። ታናሽ ከተማን ትቶ የሄደ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ መንገዱ ነው፤ ሁለተኛው ናፍቆቱ ነው። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ናፍቆቱ ሸቀጥ አልሆነም፤ አገሯን ለባዕድ ሰው እንደ ሥዕል እያሳየች የምታስጐበኝ አይደለችም፤ ለራሷ ሰው ትናገራለች፤ ባዕዱም ቆሞ ያዳምጣል። ብዙዎች ከአገራቸው ወጥተው የሚዘፍኑ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው፤ ባዕዱ ይረዳቸው ዘንድ አገራቸውን አቅልለው ይተረጕሙለታል።

ነገር ግን ሁሉ ምስጋና ሊሆን አይገባም። በ2003 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ላስዌል ያንኑ የ2001ዱን ሥራ እንደገና ፈትቶ በሌላ መልክ አቀናብሮት «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም አውጥቷል። በዚህ ሥራ ውስጥ ድምፅዋ እንደ ጥላ ከሩቅ ይመጣል፤ ቃሉ ይቈራረጣል፤ የመሣሪያው ጢስ ይሸፍነዋል። ለእንቅልፍና ለዝምታ የሚስማማ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ይወደው ይሆናል። አማርኛ የሚሰማ ሰው ግን ቃሉ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። በጉራማይሌው መመዘኛ ይህ ቀለሙ ድዱን ሁሉ የሸፈነበት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዘፈን ውስጥ ቃልና ዜማ አጥንትና ሥጋ ናቸው፤ ቃሉን ከዜማው መለየት ደስ የሚል ድምፅ ቢያስቀርም ዘፈኑን ይገድለዋል።

በዚያው ዓመት ግን «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚባል ስም «ዛየን ሩትስ» የተባለ ሌላ ሥራ ወጣ፤ ትርጓሜውም የጽዮን ሥሮች ማለት ነው። በዚህ ሥራ የመሣሪያው ጭነት ቀለል ብሏል፤ ክራር ይሰማል፤ ድምፅዋም ከፊት ይቆማል። የአገር ቤት የሠርግና የጭፈራ አዝማሚያ ያላቸው ዜማዎች በውስጡ ይገኛሉ። እዚህ ላይ ባዕዱ መሣሪያ እንደ መልካም እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ሲናገር ዝም ይላል፤ ሲጋብዙት ይናገራል። ከሥራዎቿ ሁሉ ብዙ ስም ያተረፈው ይህ ባይሆንም፤ በሚዛን ግን ከላይኞቹ መካከል የሚቈጠር ነው።

በ2006 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው ሥራ ስሙ «ሰምና ወርቅ» ማለት ነው። ለቅኔ ቤት ሰው ይህ ስም ታላቅ ተስፋ ይሰጣል። ወርቅ አንጥረኛ ምስሉን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይከድነዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ቅኔም እንደዚሁ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ካልወጣ ወርቁ አይታይም። በዚህ ሥራ ውስጥ ድምፅዋ እንደ ቀድሞው ነው፤ የኤሌክትሪክ ምቱ ግን ከብዷል፤ በአንዳንድ ስፍራ ሰሙ ሳይቀልጥ ቀርቶ ወርቁን ከውስጡ ለማየት ድካም ያስፈልጋል። ስሙ የቅኔ ስም ሆኖ ሳለ፤ ቅኔ የሚጠይቀውን ጸጥታ ሥራው ሁልጊዜ አልሰጠም። ይህ ነቀፋ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ድምፅዋን ከሚወዱ ሰዎች የሚሰወር አይደለም። ከዚህ በኋላ በ2010 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር «ምስጋና ኢትዮጵያ» የተባለው ሥራ ወጥቷል፤ በስሙም ከባሕር ማዶ ሆና ፊቷን ወደ አገር ቤት እንደ መለሰች ይታወቃል።

ከሥራዎቿ ሁሉ በላይ የሚቆመው ግን በ2001ዱ ሥራ ውስጥ ያለው «ዓድዋ» ነው። የካቲት 23 ቀን በመጣ ቍጥር ይህ ዘፈን በየስፍራው ይሰማል። ስለ ዓድዋ የሚዘፈነው ብዙውን ጊዜ ፉከራና ቀረርቶ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው፤ ጀግንነት ድምፁ ከፍ ያለ ነውና። እጅጋየሁ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። መሣሪያው ዝግ ይላል፤ ድምፅዋ ብቻውን ሊቀር ይደርሳል። ድሉን እንደ ፉክክር አታሰማውም፤ እንደ ዕዳ ትቈጥረዋለች። የእርስዋ ነጻ ሆኖ መቆም በሌሎች ሞት የተከፈለ መሆኑን እያሰበች ታዜማለች። ይህ አስተሳሰብ ከሙሾና ከጸሎት ጋር ዝምድና አለው። በዋግ ያለ አንባቢ ይህን ዘፈን ሲሰማ የሚያስበው ነገር አለ፤ በ1888 ዓ.ም. ዋግሹም ጓንጕል የዋግን ጦር ይዘው ከዘመቱት መኳንንት አንዱ ነበሩና። ዘፈኑ የዋግን ስም አልጠራም፤ የቻግኒንም አልጠራም። ነገር ግን ከየታናሹ አገር ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ሁሉ በውስጡ ተጠርተዋል። እውነተኛ የታናሽ ከተማ ልጅነት የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የተወለደበትን ስም ደጋግሞ በመጥራት አይለካም።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ መመለስ ይገባል። የእጅጋየሁ ሥራ የሚመሰክረው ይህን ነው፦ ከፍ ያለችው የመጣችበትን በጣለችበት ቦታ አይደለም፤ በያዘችበት ቦታ ነው። መሣሪያው ድምፅዋን ሲያከብር ሥራው ጸና፤ መሣሪያው ድምፅዋን ሲሸፍን ሥራው ደከመ። ታላላቆቹ የጃዝ ሊቃውንት ከእርስዋ ጋር የተጫወቱት እነርሱን ስለ መሰለች አልነበረም፤ እነርሱን የሚመስልማ በአገራቸው ሞልቷል።

ሆኖም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰቆጣን በልዩ የሚነካ አንድ ጐደሎ አለ። የእጅጋየሁን ስም በሕዝብ ዘንድ ያነሡት ዘፈኖች በአማርኛ የተዘፈኑ ናቸው። አማርኛ የእርስዋም ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ይህን እንደ ጥፋት መቍጠር አይገባም። ነገር ግን ከአገው ምድር የወጣው ድምፅ በዓለም ሁሉ ሲሰማ፤ የአገው ቋንቋ ያንን ያህል አብሮ አልተሰማም። በዋግም ነገሩ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ኽምጣኛ ዛሬ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይኖርም፤ ልጅ የሚወደውን ቋንቋ የሚወደው በዘፈን ነው። በኽምጣኛ የሚያዜም ወጣት ከተማ ሲገባ ቋንቋውን በር ላይ ትቶ እንዲገባ የሚመከር ከሆነ፤ የመጽሐፉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ምክሩን የሚሰጡት ደግሞ ባዕዳን ብቻ አይደሉም፤ የአገር ሰዎችም ናቸው። ታናሽ ከተማ ዘፋኟን የሚያከብረው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ካከበረው በኋላ ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው ከግእዙ ግሥ የወጣ ነው፤ መዝሙርም ከዚያው ግሥ ይወጣል። ከአንድ ሥር ከወጡት ሁለት ቃላት አንዱ ክብር ሆኖ ሲቀር፤ ሌላው ስድብ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ማኅሌትን ከዘፈን ትለያለች፤ መለየቷም ተገቢ ነው። መለየት ግን መናቅ አይደለም። ሻደይ ራሱ የሚጀምረው ከፍልሰታ ጾም ማግሥት፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደለምን? በዚያ ቀን የልጃገረዶቹን ዜማ በደስታ የሚሰሙ አባቶች፤ ከልጃገረዶቹ አንዲቱ በዜማዋ ብትኖር ለምን ያፍራሉ?

የታናሽ አገር ስም ለታላቅ ነገር አይበቃም የሚል ሰው ቢኖር፤ መልሱ በራሱ በዜማው ውስጥ አለ። በአገራችን ዓለማዊ ዜማ የታወቁት ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፤ ባቲ፤ አንቺሆዬና አምባሰል። ከእነዚህ ሁለቱ የቦታ ስሞች ናቸው፤ አምባሰል የወሎ ተራራማ አገር፤ ባቲም የወሎ የገበያ ከተማ ነው፤ ዋግም በቀድሞው አስተዳደር የወሎ አውራጃ ነበረ። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በአሜሪካ ያለ ተማሪ ክራሩን ሲቃኝ የእነዚህን ታናናሽ ቦታዎች ስም ይጠራል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። የቅዳሴ ዜማ ሲነሣ የሰለልኩላና የደብረ ዓባይ ይባላል፤ የድጓም ምስክር ቤተ ልሔም ነው። ሰለልኩላ በዋድላ፤ ቤተ ልሔም በጋይንት የሚገኙ የገጠር ቦታዎች ናቸው። ማንም ሊቅ የሰለልኩላን ዜማ ቦታው ታናሽ ነው ብሎ አልናቀውም። ቦታውን ያስከበረው ዜማው ነው፤ ዜማውንም የጠበቁት በዚያ የተቀመጡ መምህራን ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለሰቆጣ ግልጥ ነው። ከቻግኒ አንዲት ልጅ ወጥታ ድምፅዋ እንዲህ ከተሰማ፤ ከሰቆጣ የማይወጣበት ምክንያት የለም። ነገር ግን የሰቆጣ ድምፅ በሌላ ሰው እስኪታወቅ ድረስ መጠበቅ አይገባውም። በሻደይ ቀን የሚያወጡት ልጃገረዶች ስማቸውና ዜማቸው ሊመዘገብ ይገባል፤ በኽምጣኛ የሚያዜሙት አሮጊቶች ከማለፋቸው አስቀድሞ ድምፃቸው ሊቀረጽ ይገባል። ይህን ለማድረግ ታላቅ ሀብት አያስፈልግም፤ አንድ መምህር፤ አንድ ካህንና አንድ ድምፅ መቅረጫ ይበቃሉ። ዋግ ብዙ ድርቅና ብዙ መከራ ያየ አገር ነው፤ በመከራ ጊዜ ሰው እህሉንና ከብቱን ያጣል። ዜማው ግን ሰው ካልተወው በቀር በድርቅ አይሞትም።

ነሐሴ 16 ቀን በመጣ ጊዜም ያቺ የምታወጣው ልጅ ከበሮ ይዛ ትነሣለች። ነገ ወደ ከተማ ትገባ ይሆናል፤ ከባዕድ መሣሪያ ጋር ትዘፍን ይሆናል። ይህ አያስፈራም። የሚያስፈልጋት፤ ድዷ በቀለም ሲያጌጥ ቀዩን እንዳትሸፍነው የሚነግራት ሰው ነው። ያም ሰው መጀመሪያ ከገዛ አገሯ ሊሆን ይገባል።